ታንጉት ለማን ተናገረች?

ሬሳውን ያገኘው አምባው የሚባል የትራክተር ሹፌር ነው። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነዶ ሊጭን ተሳቢውን ይዞ ሲመጣ፣ ከሰሊጡ ክምር ጥግ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተኝታለች። እንቅልፍ የጣላት መስሎት ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። አልተነሳችም። ወርዶ ነጠላውን ሲገልጥ ከወገቧ በታች ያለው አፈር ደም ጠጥቶ ደርቆ ነበር።

እኔ የደረስኩት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጥቅምት 28 ቀን፣ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል። ከደጋ ለአጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«ማን ናት?»

«ታንጉት ናት። ወጥ ቤት የምትሠራው» አለ አምባው።

«ራሷ ያመጣችው ነው» አለ አንዱ ከኋላ። «ሆድ ነበራት አሉ። ላስወርድ ስትል ነው።»

«ማነው ይህን ያለው?» ብዬ ዞርኩ። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ሴት ሞታ ስትገኝ ከፖሊስ ቀድሞ የሚፈርድ ሰው በዚህ አገር ጠፍቶ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሰምቼዋለሁ።

እፀገነት እባላለሁ። ኢንስፔክተር ነኝ። ከኮኪት ግማሽ ሰዓት በምትርቀው ትንሽ ከተማችን የወንጀል ምርመራውም፣ የሴቶች ጉዳዩም፣ መዝገብ ሳይዘጋ ሲቀር የሚመጣው ወቀሳም የኔ ነው።

በሻሿ ጫፍ ሁለት ነገር ቋጥራለች። አንደኛው ስም የሌለበት፣ 117 የሚል ቁጥር ብቻ የታተመበት ትንሽ ካርድ ነው። ሁለተኛው የእርሻው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው፤ «ታንጉት ባህሩ በእርሻችን በወጥ ቤት ሠራተኝነት የምትሠራ መሆኗን እንገልጻለን» ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሳሉግ ሁሉ ይይዛል፤ ኬላ ላይ ይጠየቃል። አጥፌ ከረጢት ውስጥ ከተትኩትና ካርዱን ማገላበጥ ጀመርኩ።

አምባው ስልኩን ዘረጋልኝ። «አባቷ ናቸው፣ ጋይንት። አገራችን አንድ ነው፤ ሰው ቀድሞኝ ነግሯቸዋል።»

የሽማግሌው ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። «ልጄ፣ እውነት በገዛ እጇ ነው የሞተችው? እንደዚያ ከሆነ እዚያው ትቀበር እያሉኝ ነው ወንድሞቼ። አገሬው ለቅሶ አይቀመጥላትም፣ ቄሱም አይፈታትም ይሉኛል። እኔ ምን ላድርግ?»

«ይምጡ፣ አባቴ» አልኩ። «ቅዳሜ እዚህ ሲደርሱ ማን እንደገደላት እነግርዎታለሁ።»

እንዲህ ያለ ቃል ፖሊስ አይገባም። እኔ ግን ገባሁ፤ ያቺ ልጅ ያለ አልቃሽ እንድትቀበር አልፈለግሁም።

ከቀትር በኋላ ሐኪሙ ከሬሳ ምርመራው ወጥቶ እጁን እየታጠበ ነገረኝ። ሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የሞተችው ረቡዕ ማታ፣ ደም ፈሷት ነው።

«ራሷ ያደረገችው ነገር ይሆን?»

«አይመስለኝም። ክንዷ ላይ ተወግታለች፣ ያውም በቀኝ ክንዷ። ጓደኞቿ ቀኝ እጇን ነው የምትጠቀመው ብለውኛል። ደግሞ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ በዚህ ውፍረት እኛ ሰው አንወጋም።»

የእርሻው ሰው በሙሉ በአንድ አፍ የጠቆመኝ ሐጅ ሙኽታርን ነው። ኮኪት ላይ መድኃኒት ቤት አላቸው። የሴት ክኒን በጓሮ በር ይሸጣሉ ይባላል። ስገባ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው መደርደሪያ ያራግፋሉ።

«ረቡዕ የት ነበሩ፣ ሐጅ?»

«መተማ ዮሐንስ፣ ለቅሶ ላይ። ከእሑድ እስከ ዛሬ ጠዋት። የባለቤቴ ወንድም ሞቶብን።»

ለቀስተኛው ቤት ደወልኩ። ስልኩ ከእጅ እጅ እየዞረ ሰባት ሰው መሰከረላቸው። አንዷ ሴትዮማ ሐጁ ረቡዕ ማታ ስንት ጊዜ እንዳንኮራፉ ጭምር ነገረችኝ።

«ልጅቱን ያውቋታል?»

አቧራ መጥረጊያውን አስቀመጡ። «ካለፈው በፊት ባለው ሳምንት መጥታ ነበር። ክኒን ጠየቀችኝ። ያለ ሐኪም ወረቀት አልሸጥም አልኳት። ወላሂ፣ ስሜ መጥፎ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ ብሸጥ ሱቄን ያቃጥሉታል። ጤና ጣቢያ ሂጂ ብዬ ሸኘኋት።»

«ወፍራም መርፌ ይሸጣሉ?»

«የምን ወፍራም?»

ሐኪሙ እንዳሳየኝ በጣቴ አሳየኋቸው።

«እሱ የበሬ ነው፣ ልጄ። ከከብት ነጋዴ ጠይቂ።»

ሐጁ ካርዱን አይተው ጠቆሙኝ፤ የካርዱ ባለቤት ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ተከራይታ ተገኘች። ሩፊዳ ትባላለች፤ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ልጅ ናት፣ በጤና የተመረቀች። በየእርሻው እየዞረች ሳሉግ ሴቶች ጤና ጣቢያ ለምን እንደማይሄዱ ታጠናለች። ካርዱን ሳሳያት ፊቷ ተለወጠ።

«የኔ ነው። ላነጋገርኳት ሴት ሁሉ እሰጣለሁ፤ በሌላ ጊዜ ስመለስ ቁጥሯን አይቼ እንድቀጥል።»

«117 ምን አለችሽ?»

«አልነግርዎትም።»

«ምን?»

«ስማችሁ አይወጣም፣ ለባልም ለአለቃም ለፖሊስም አይነገርም ብዬ ነው ያናገሩኝ። ዛሬ አንዷን ብነግርዎት ነገ አንድም ሴት አፏን አትከፍትልኝም።»

«ይቺኛዋ አፏን ዳግመኛ አትከፍትም፣ ሩፊዳ! ሰሊጥ ክምር ሥር ነው ያገኘኋት።»

ጮኼባታለሁ። እንደ መቀመጥ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ወደቀች። ሞቷን አልሰማችም ነበር። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ስትጨርስ ጠበቅሁ።

«አስገድዶኛል አለችኝ» አለች በመጨረሻ። «ማን እንደሆነ አልተናገረችም። እኔም የማውቀውን ነገርኳት። ተደፍሬ ነው ያልሽ እንደሆነ ሕጉ ይፈቅድልሻል፣ ቃልሽ ብቻውን ይበቃል፣ ማስረጃ አምጪ አይሉሽም፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ አልኳት። ካርዱን ይዛ ‹በዚህ ያስገቡኛል?› አለችኝ። ጥያቄዋ አልገባኝም። አዎ፣ ሂጂ አልኳት።»

እኔ ግን ገባኝ። እርሻ ላይ ሁሉ ነገር በካርድ ነው። ቁጥር ያለው ካርድ የያዘ እንጀራ ይሰጠዋል፣ ውሃ ይሰጠዋል፣ መኪና ላይ ይሳፈራል፤ ካርድ የሌለው ይቆማል። ታንጉት የጥናቱን ቁጥር የሕክምና ፈቃድ አድርጋ ነው የተቀበለችው።

«ይህን ሁሉ በሐምሌ ጽፌ ልኬያለሁ እኮ» አለች ሩፊዳ አይኗን እየጠረገች። «ለጤናውም ለእናንተም። ሴቶቹ ከበር እንደሚመለሱ ጽፌያለሁ።»

«አላየሁትም» አልኩ። እውነቴን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የሚቆለለውን ሁሉ አላነብም።

ዓርብ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ሲስተር ረቢዓ ሰኞ ዕለት ተረኛ ነበረች። ስሟን ስጠራላት አላወቀችም፤ ካርዱን ሳሳያት ግን ወንበር ፈለገች።

«ይህን አውጥታ ሰጠችኝ። እናቴ፣ ይሄ እኮ የጥናት ነው አልኳት። ሳቅሁ… ሳቄ ክፉ አልነበረም።»

«ከዚያስ?»

«መደፈሯን ነገረችኝ። የፖሊስ ወረቀት ይዘሽ ነይ አልኳት።»

«ሕጉ የፖሊስ ወረቀት ይጠይቃል?»

አንገቷን ደፋች። «አይጠይቅም። ሥልጠናውን ወስጃለሁ፣ ቃሏ ይበቃል። ግን እርስዎም የሚኖሩት እዚሁ ነው። አምና ለአንዷ ሠራሁና የቤቴ ባለቤት ዕቃዬን ደጅ አወጣችው። መስጊድ ስሄድ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ወረቀት ካለ ግን ‹መንግሥት አዝዞኝ ነው› እላለሁ። ለዚያ ነው። ለዚያ ብቻ ነው።»

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ እናንተ መሰለኝ።»

ጣቢያ ተመልሼ የሰኞን መዝገብ ገለጥኩ። የጠፋ ሞተር ሳይክል፣ የተደበደበ ሰካራም፣ ሁለት የድንበር ጠብ። ታንጉት የለችም። የበር ጥበቃውን ኮንስታብል ደረበን ጠየቅሁት።

«ሰኞ ታንጉት ባህሩ የምትባል መጥታ ነበር?»

«መዝገቡ ላይ ከሌለች አልመጣችማ፣ ኢንስፔክተር።»

ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ እዚያ መዝገብ ፊት ቆሜ ደስ ብሎኝ ነበር። ፈርታ ቀርታለች አልኩ ለራሴ። ሌሎቹ በደሏት፤ እኛ ጋ ብትመጣ ኖሮ ግን እናድናት ነበር።

ከጤና ጣቢያው ፊት ሻይ የሚሸጡት ሴቶች ሰኞ ዕለት ከትራክተር ላይ ስትወርድ አይተዋታል። ሰኞ ከእርሻው ትራክተር ይዞ የወጣው አምባው ነው። ሐሙስ ዕለት ይህን ትንፍሽ አላለልኝም። ካቴና አስጠልቄ አስመጣሁት።

«ሰኞ ወስደሃታል። ለምን ደበቅኸኝ?»

«ያንተ ነው እንዳይሉኝ ነዋ!» አለ ላቡን እየጠረገ። «እንግዲህ አንድ ሴት ተሳቢ ላይ ከጫንሁ፣ ሆዷም የኔ፣ ሬሳዋም የኔ ሊሆን ነው። እሰው አገር ነኝ።»

«ያንተ ነው?»

«የመድኃኔዓለም ያለህ! እንደ እህቴ ናት። አሞኛል ውሰደኝ አለችኝ፣ ወሰድኋት። ጤና ጣቢያው ገባች፣ ወጣች፣ በመንገዱ ወደ ላይ ሄደች። እዛፉ ሥር ሁኜ ጠበቅኋት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ተመለሰች። ምነው ብላት ‹ወረቀት ጎደለኝ› አለችኝ። ሌላ አልተናገረች።»

ረቡዕ ማታ ከሌሎች አራት ሹፌሮች ጋር ትራክተር ሲጠግን እንዳመሸ አራቱም መሰከሩ። ካቴናውን አስፈታሁለት።

«አምባው፣ እርሻው ላይ የከብት መርፌ የሚያውቅ ማነው?»

ለማሰብ እንኳ አልቆየም። «ዘሩ ነዋ። ወኪል ከመሆኑ በፊት ወደ ሱዳን ከብት ይነዳ አልነበር? የጌቶቹን ላሞች አሁንም እሱ ነው የሚወጋቸው።»

ባለእርሻው የሚኖረው ባህር ዳር ነው። ዘሩ ወኪሉ ነው፤ የሚቀጥር፣ የሚያባርር፣ የሚፈርም እሱ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተረጋግቶ መጥቶ ፊቴ ተቀመጠ። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው።

«አሳዛኝ ነገር ነው» አለ። «እኔ ግን አልነበርኩም። ማክሰኞ ሰሊጥ አስጭኜ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። የተመለስኩት ሐሙስ ቀትር ላይ ነው። የጉምሩኩ ወረቀት ይኸው።»

ወረቀቱ ትክክል ነው፤ ማክሰኞ ገብቷል፣ ሐሙስ ወጥቷል፣ ስሙም ሰፍሮበታል። ተስፋዬ ቀዝቀዝ አለ። የሚፈርመውን ፎርም እያዘጋጀሁ እንዲያው ለወጉ ጠየቅሁት።

«አንተ በሌለህበት የእርሻውን ወረቀት ማን ይፈርማል?»

ሳቀ። የሸሚዙን ኪስ መታ መታ አደረገ። «ማንም። ማኅተሙ ከዚህ ወጥቶ አያውቅም። ጌቶች አምነው የሰጡት ለኔ ነው። ስተኛም ከኔ ጋር ነው።»

ያኔ ያ አጥፌ የተውኩት ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ከረጢቱን ከፍቼ አወጣሁት፤ ከማኅተሙ በላይ ያለውን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ጥቅምት 27። ረቡዕ።

ፊቱ አስቀመጥኩለት። ካነበበ በኋላ እጁ ከኪሱ ላይ ወረደ።

«ቀኑን አሳስቼ ጽፌ ይሆናል።»

«ይሆናል» አልኩና ወጥቼ የጭነት መኪናው ሹፌር ጋ ደወልኩ። ሹፌሩ ነገሩን አያውቅም፣ ለመዋሸትም ምክንያት የለውም። ዘሩ ረቡዕ ረፋድ ላይ «እርሻ ጉዳይ አለኝ» ብሎ ሄዷል፤ የተመለሰው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነው።

ገብቼ ይህን ስነግረው ዘሩ ትከሻው ወደቀ።

«ልገድላት አልነበረም።»

«ምን ልታደርግ ነበር?»

«እንዲወጣላት ነው የወጋኋት። ላም ላይ ይሠራል። ደሙ አልቆም ሲላት ፈራሁ፤ ሸሸሁ።»

«አስገድደሃታል?»

ጥያቄውን ደገምኩት። አንገቱን ነቀነቀ፣ አዎ በሚል።

ብዕሬን አነሳሁ። ለአባትየው የገባሁት ቃል እዚህ ወረቀት ላይ ነው ብዬ ጻፍኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ።

«ስምህን ለማንም አልተናገረችም። ለጥናቷ ልጅ እንኳ አልተናገረችም። ልትከስህ መሆኗን ማን ነገረህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። የሚያላግጥብኝ መሰለኝ፤ አላላገጠም።

«ራሷ ናት። ማክሰኞ ልነሳ ስል መጣች። ‹ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ሳሉግ ያለ አሠሪ ደብዳቤ ቃሉን አይሰጥም አሉኝ፣ ጻፍልኝ› አለች። ለምን ጉዳይ ነው ብላት መሬት መሬቱን አየች። ሌላ ምን ጉዳይ አላት? ገባኝ። ረቡዕ ስመለስ እጽፍልሻለሁ አልኳትና መርፌውን መተማ ዮሐንስ ገዛሁ። ረቡዕ ሆዱን የሚያወጣ መርፌ ነው ብላት፣ መጀመሪያ ደብዳቤውን ካልሰጠኸኝ አልወጋም አለች። አትሜ ሰጠኋት። በሻሿ ቋጠረችው።» ከዚያ «እናንተ ናችሁ ወደኔ የላካችኋት» አለ።

ደንቡ የኔ ነው። አምና አጨዳው ሲያልቅ አሥራ አንድ ሳሉግ ክሳቸውን ጥለው ወደ አገራቸው ገቡ፤ ባለቤት የሌለው መዝገብ ተከመረብኝ፤ ከበላይ ተወቀስኩ። ስለዚህ አድራሻው የሚታወቅ ሰው ብቻ እንዲመዘገብ፣ ሳሉግ ከአሠሪው ደብዳቤ ሳያመጣ ከበር እንዳያልፍ አዘዝኩ። አሠሪው ራሱ ተከሳሽ ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም። ያላሰብኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሴቶች ጉዳይ ላይ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት።

ደረበን አስጠራሁት። በዚህኛው ዙር ስም አልጠየቅሁትም፤ ፎቶዋን አሳየሁት።

«እ… ይቺማ መጥታለች» አለ። «ስሟን አልጠየቅኋትም። ደብዳቤ የላትም ነበር፣ መለስኳት። እርስዎ ባሉት መሠረት ነው።»

«ምን አለችህ?»

«ቃሌን ለሴት ፖሊስ ነው የምሰጠው፣ ሴት ፖሊስ አለች ብለውኛል አለች።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«ውስጥ፣ ቢሮዎ። ሻይ አስገብቼልዎት ነበር።»

ከበሩ እስከ ቢሮዬ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ያን ዕለት ሻዬን እየጠጣሁ ምን እሠራ እንደነበር ብዙ አሰብኩ፤ ምንም አልታወሰኝም።

አዛዣችን ጋ ገብቼ ደንቡ ዛሬውኑ ይነሳ አልኩ። የዘሩን ቃል አንብቦ አመሰገነኝ፤ በሁለት ቀን መዝገብ መዝጋት ቀላል አይደለም አለኝ። «ደንቡን ግን ተይው። በር ላይ ያለው ሳሉግ ሁሉ ቢገባ ማን ይችለዋል? አጨዳው ይለቅና እንነጋገርበታለን።» ተከራከርኩ። ከዚያ ደከመኝና ወጣሁ።

ቅዳሜ ረፋድ አባትየው ደረሱ። አቶ ባህሩ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ በጎንደር ዞረው ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። ወንበር ብሰጣቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማን እንዳስገደዳት፣ ማን እንደወጋት፣ ሰውየው መታሰሩን፣ ማመኑን።

«በገዛ እጇ አይደለማ?» አሉ።

«አይደለም፣ አባቴ። ተገድላ ነው።»

ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። አለቃቀሳቸው ውስጥ እፎይታም ነበረበት፤ እሱን ማየት ከለቅሶው ይከብዳል። «እንግዲያ አገሬ አስገብቼ እቀብራታለሁ» አሉ። «ሰውም ይቀመጥልኛል። እግዜር ይስጥሽ። አንቺ ባትኖሪ ልጄን እንደ ውሻ ጥዬያት ልገባ ነበር።»

ሊነሱ ብለው መልሰው ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ተሸክማ፣ ለሰው አልተናገረችም?»

ለሐጅ ሙኽታር ተናግራለች። ለሩፊዳ ተናግራለች። ለሲስተር ረቢዓ ተናግራለች። እኛ በር ላይ ቆማ ለኔ ልትናገር ጠይቃለች። ከዚያ በኋላ የቀራት ዘሩ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ግን በምስጋና እያዩኝ ነው፤ ያን አስተያየት ማጣት ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

«አልተናገረችም፣ አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዝምተኛ ናት። ከልጅነቷም ዝምተኛ ናት። ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ ብትል ይተርፍላት ነበር። ተዪ፣ ጥፋቱ የሷም አለበት።»

እንዲህ ብለው ተነሱ፤ ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ታናሽ እህት አለቻት። ለመጪው ዓመት አጨዳ እወርዳለሁ ትለኛለች፤ ቤት ውስጥ የሚቀመስ ከጠፋ አላስቀራትም። ግን አንድ ነገር አስምላታለሁ። እህትሽ ዝም ብላ ነው የሞተችው፤ አንቺ ክፉ ነገር ቢደርስብሽ እንዳትፈሪ፣ ሌላ ሰው ጋ እንዳትሄጂ፣ ቀጥ ብለሽ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ እላታለሁ። እዚያ አንዲት ደግ ሴት አለች፣ ስሟ እፀገነት ነው እላታለሁ። ይሁን?»

በመስኮቱ ደረበ በሩ ላይ ቆሞ የሰዎች ወረቀት ሲያይ ይታየኛል።

«ይሁን» አልኳቸው። «ይንገሯት።»